ከቀኝ ጀምሪ

በእናቴ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በስልኬ ላይ ሁለት፤
ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣
ግማሽ ሸሚዜ የራሰ፣ ግማሹ ደረቅ።

ግራዬ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሐምሌ ነው፤
ድልድይ የሚጠርግ፣ መንገደኛ የሚያሳድር።
ቀኜ የዚህ አገር ሐምሌ፤
የደመና ወሬ እንኳ የማይሰማበት።
አንድ ወር፣ ሁለት ሰማይ፣
አንድ ደረት ላይ።

ኖጋ ሰባት ሳምንቷ ነው፤ ሁሉንም አውቃለች።
ከግራ ሳስጠጋት ጎርፉ ይቀድማታል፤
ትን ይላታል፤
እስከ አንገቷ እጥፋት ድረስ በነጭ ትጨቀያለች።
ከቀኝ ሳስጠጋት ሦስቴ ትስብና
ለቀቅ አድርጋ ቀና ትላለች፤
ዱቤ የከለከላትን ባለሱቅ እንደምታይ ሴት
ታየኛለች።
ከዚያ ጩኸት።

ፈንታ የሌሊት ፈረቃ ነው።
ትናንት ጠዋት ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
አንዱን ያበጠ፣ አንዱን የተኛ አይቶ
«ተኳርፈዋል እንዴ?» አለ።
ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤
ምስኪን፣ የቱን እንደሚያባብል ጠፋው።

አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አዛነች
ከሱፐር በተገዛ አጃ አጥሚት ሠርተው አመጡልኝ።
«የእኔም አንዱ ሰነፍ ነበር» አሉ ቆመው፤
«ስድስት አሳድጌበታለሁ።
ላም እንኳ አራቱን እኩል አታወርድም፤
አንቺ ማን ነሽና?»

ሐሙስ ዕለት ጢፓት ሐላቭ ሄድኩ።
የወተት ጠብታ ማለት ነው፤
ለክሊኒኩ ስሙን ያወጣው ሰው ይባረክ፤
ወንዝ አላለም፤ ምንጭ አላለም፤
ጠብታ።

ነርሷ ፋይና መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ
ሚዛኑን ወረቀት አለበሰችው።
ኖጋ ራቁቷን ተወራጨች፤
ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ፤
አራት ኪሎ ከሦስት መቶ።
«አድጋለች» አለችኝ በዚያ ሩስኛ በሚሸትት ዕብራይስጧ፤
«እዚህ የሚመዘነው እሷ ናት፤
አንቺ አይደለሽም።»
ቀጥላም፦
«ሁልጊዜ ከቀኝ ጀምሪ፤ ራብ ሰነፉን ያሠራዋል።
ግራው ሲያስጨንቅሽ ጥቂት ብቻ አለብ አድርጊው፤
ሙልጭ ካደረግሽው
ሌላ የታዘዘ ይመስለዋል።»

ከቀኝ ጀምሪ።
ይህን ከዚህ በፊትም ተብያለሁ።
በስምንት ዓመቴ፣ ከመጣን በወሩ፣
መምህርቷ ደብተሬን ገልብጣ ሰጠችኝ፤
እዚህ ፊደል ከቀኝ ይነሣል፤
አባቴ ያስቆጠረኝ ደግሞ ከግራ።
በየት በኩል እንደምከፍት ሲጠፋኝ
መሀሉን ገልጬ ቁጭ እል ነበር።

መንገድ የሳተ ሰው፣ ግራ ገባኝ ይላል፤
መራቂ ሽማግሌ፣ ቀኝ ያውልህ ብሏል፤
ቋንቋዬ ከጥንቱ ወደ ቀኝ ያደላል፤
ጡቴ ግን አልሰማም፣ በግራ ይፈሳል።

እሺ። ዛሬ ሌሊት ከቀኝ።
ኖጋ ሦስቴ ሳበች፤ ቀና አለች፤ አየችኝ።
አላየኋትም መስዬ ጣሪያውን ቆጠርሁ።
ተመለሰች። ሳበች።
ግራው ሳይጠራ ሰምቶ ብቻውን ይንጠባጠባል፤
ቅናተኛ፤ በቡና ስኒ ያዝሁለት።
በቀኝ በኩል፣ በጣም ከሩቅ፣
መርፌ የመሰለ ነገር ወጋ አደረገኝ፤
የኖጋ ጉሮሮ ጉልቅ አለ።
አንዴ።
ጠበቅሁ።
ደግሞ አንዴ።
ከዚያ ቁጣ፤ ከዚያ ወደ ግራ፤ ከዚያ እንቅልፍ።

ጠዋት ፈንታ በረዶ ፈልጎ ማቀዝቀዣውን ከፈተ።
ከሐሙስ በፊት ያለብኋቸው ከረጢቶች ተደርድረዋል፤
ቀኑ በዕብራይስጥ፣ ጎኑ በአማርኛ፤
ግራ። ግራ። ግራ። ግራ።
ከዳር አንዲት ትንሽ፣ ሠላሳ ሚሊ የማትሞላ፤
ቀኝ።

ምንም አልጠየቀኝም።
ልጁን ከትከሻዬ ተቀበለና
ከምድጃው እስከ በሩ፣ እንደ ምልምል ወታደር፣
እያነበበ፣ እያነከሰ ይራመድ ጀመር፦
ግራ፣ ግራ፣ ግራ፣ ግራ፣
ቀኝ።