የጅራፉ እጀታ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ጭቃው ቦቲዬን እየጎተተ፣
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሽቦው ወደተበጠሰበት እሄዳለሁ።
የዝናብ መለኪያው እዚያ ነው፤
አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ብርጭቆ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያደርኩለት።
ብርጭቆውን በዐይኔ ልክ አነሳለሁ፤
ውሃው ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሐሉ ላይ ዝቅ ይላል፤
የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው።
ጽፌ፣ ደውዬ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ እመለሳለሁ።
ለገዳዲ "ዝናብ ቆጣሪው" ይለኛል፤
ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ ንፋስ ጣሪያዋን ባነሳው ቁጥር
እኔ የላክሁት ይመስል ትቆጣኛለች።

ቡሄ ነበር። ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት።
ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ሲፈን
ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ ጭቃው ላይ ካርታ ሣለችልኝ፤
እዚህ እኛ፣ እዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ቻድ፣
የኔ ቦቲ የቆመበት አትላንቲክ።
"ጋሼ፣ ከተራሮቻችን አናት በላይ የሚያልፈው ንፋስ
በክረምት ይታጠፋል፣ እንደ ገመድ ይወዛወዛል።
በየሦስት በየአራት ቀኑ አንድ እጥፋት ወደ ምዕራብ ይሄዳል።
አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል።
አንዳንዱ ግን ባሕር ይደርሳል።"

ባሕሩስ ምን ያደርገዋል?
"ለብ ካለ ያሳድገዋል፤
ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዲግሪ ይበቃዋል።
የላይኛውና የታችኛው ንፋስ ካልተጣሉ፣
ከምድር ወገብም ፈንጠር ካለ፣
ይዞር ይዞርና መሐሉ ላይ ዐይን ያወጣል።
ያኔ ስም ያወጡለታል።"
"የሰው ስም?"
"የሰው ስም።"

ወደ ግድቡ ዞሬ አየሁ።
የኛ ውሃ ቁርጭምጭሚት ይነክሳል፤ አውሎ አያሳድግም።
እንወልዳለን እንጂ አናሳድግም ማለት ነው?
"መውለድም አይባል" አለች ሲፈን፣ "መነሻ እንበለው።"

ያኔ የዘበኛው ልጅ ናኦል
ጅራፉን አዙሮ፣ አዙሮ፣ ለቀቀው።
ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አየሁት፤
እጁ ላይ ምንም ድምፅ የለም።
እጥፋቱ ከእጁ ተነሥቶ በገመዱ ሄደ፣
እየቀጠነ፣ እየፈጠነ፣
ጫፉ ላይ
ጧ!
ማዶ ያለችው ላም በረገገች። እሱ ሳቀ።
ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይላሉ፤
ስለ እጀታው የተናገረ የለም።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ
ከደብተሩ ጀርባ እንዲህ ሞነጨርሁ፦

ከሰንዳፋ ወጥቶ፣ ባቄላ እንኳ ሳይጥል፣
ማዶ ሲሻገር ነው፣ ዋርካ የሚነቅል፤
ልጅ አገሩ ሳለ፣ ጭምት ነው ዝምተኛ፣
ሰው አገር ሲገባ፣ ይሆናል ቀማኛ።

ጠዋት ሳነበው አፈርሁበት። አልቀደድሁትም ግን።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል።
ሰማዩ ተዘረገፈ፤ የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ፣
ናኦል በቁምጣ፣ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ።
ወይዘሮ አሰገደች ባልዲ ደረደረች፤
ለአንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም።
ባትሪው የደከመ ራዲዮዬ እየተንተፋተፈ አወራ፦
ከውቅያኖስ ማዶ ለአንድ አውሎ ስም ወጥቶለታል፣
ሰዉ መስኮቱን በጣውላ እየመታ ነው፣
አሮጊቶች በአውቶቡስ ከዳርቻው ይሸሻሉ።

ከቡሄ እስከ ሩፋኤል በጣቴ ቆጠርሁ፤
ሃያ ቀን።
የኛው ይሁን የሌላ ማን ያውቃል፤ ሲፈንም አታውቅም።
እኛ ለውሃው ልብስ እናወልቃለን፣
እነሱ ለዚያው ውሃ በር ይቸነክራሉ።

ደብተሩ ላይ "ምርመራ" የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤
በረዶ ከጣለ "በረዶ"፣ ጉም ካለ "ጉም" የምልበት።
ስልኩን ከመደወሌ በፊት እርሳሴን ላስሁና ጻፍሁ፦
"ዐሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት።
የላይኛው ደመና ወደ ምዕራብ፣ ቀስ ብሎ።
በዚህ በኩል ጉዳት የለም።"