ጨው የሌለው ኮከብ

ስማኝ አንተ ጉዚክ፣ ጆሮህን አታቁም፤
እኔ ውሻ አልወድም፤ ዛሬም አልደብቅም።
የታዴውሽ ነህ አንተ፤ እሱ ነው ያመጣህ፣
ከባቡር ሐዲድ ዳር፣ በኮቱ ጠቅልሎህ።
ጉዚክ ማለት አዝራር። «ከኮቴ የጠፋው
ይኸው ተመለሰ» ብሎ ነበር የሳቀው።

እኔ ግን ፀጉርህን ከምንጣፍ ስለቅም፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምህን አልጠራሁም።
«ያ» ነበር የምልህ፤ «ያ ውሻ ይውጣልኝ»፣
«ያ ውሻ ሶፋው ላይ ዳግም እንዳይተኛብኝ»።

ውጭ፣ ቢያዊስቶክ ላይ፣ በረዶ ይወርዳል፤
መስኮቱ አልቦታል፣ ምድጃው ይነድዳል፤
እኔም በጾም ቀን፣ በገና ዋዜማ፣
ጉበት እከትፋለሁ— እግዜር እንዳይሰማ!

እናቴ ብታየኝ፣ ነፍሷን ይማርና…
ውኃ አትቀምስም ነበር ኮከብ ሳይወጣ ገና።
ለላማችን ትቆርሳለች ከቀዩ ቂጣ፤
ለውሻማ አጥንት ነው፣ እሱም ዕድሉ ከመጣ።
«እኩለ ሌሊት ሲሆን እንስሳ አፍ ይፈታል፤
አድፍጠሽ እንዳትሰሚ፤ የሰማ ይሞታል»።
አልሰማሁም እኔ። ላማችንም ዝም አለች፤
በፀደዩ መባቻ ገበያ ወረደች።

ሐኪምህን ጠየቅኩ፤ በጣቷ ቆጠረች፦
«ሽንኩርት አይነካውም፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት» አለች፤
«ጨውም አይጨመር»። ታዲያ ምን ቀረለት?
አጃ፣ አንድ እንቁላል፣ ካሮት የተፋቀበት፣
የተፈጨ ጉበት።
ሊጡ እንዳንተው ጠባይ እጅ ላይ ሙጭጭ አለ፤
ዱቄት ስነሰንስበት ግን ሰው ሆነ፣ ተሻለ።
የኮከብ ቅርጽ ነበረኝ፣ የቆርቆሮ፣ የአማቴ፤
አንድ ጫፉ የጎበጠ፣ ድሮ ረግጬው በስሕተቴ።
እሱን አነሣሁት። ሠላሳ አንድ ኮከብ
መጋገሪያው ላይ ተኛልህ ክብ በክብ።
ጨው ልክ ነው እንዳልል፣ ጨው ብሎ ነገር የለ፤
እንዳልቀምስ ጾም ነው። ፍርዱ ላንተ ተጣለ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ከጨርቁ ሥር ድርቆሽ፤
አንዱ ለድንገት እንግዳ። (አልልም ለታዴውሽ።)

የዋርሶው ባቡር ነው ማታ የሚያፏጨው፤
እሱ ሲያልፍ ነበር ፈረቃው የሚያልቀው።
አንተም ሁለት ዓመት ያቺን ፉጨት ስትሰማ
ከበሩ ሥር ትቆማለህ፣ ድምፅ ሳታሰማ።
እኔም ሰዓት አያለሁ፣ እንዳላየ ሰርቄ፤
ዝም ያልከውን ውሻ «ዝም በል!» እላለሁ፣ ራሴን ደብቄ።

ዛሬ ግን ባቡሩ አፏጭቶ አለፈ።
አንተ አልተነሣህም።
ዓይንህ ምድጃው ላይ፣ ምራቅህ ተንጠፈጠፈ።
«ከሃዲ!» ልልህ ስል፣ ትኩስ ትሪ ይዤ፣
«በጉበት ለወጥከው?»— ቆምኩኝ ደንዝዤ።
እኔም እኮ፣ ጉዚክ፣ ሰዓቱን አላየሁም፤
ፉጨቱን ሰማሁ እንጂ በሩን አላሰብኩም፤
ኮከብ ነበር የምቆጥር—
ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት—
አንዱ ጥግ ላይ ያረረ።

እንካ። የመጀመሪያው። ተው፣ ቀስ በል፣ ይፋጃል።
ጣቴን ላስከው ደግሞ። እሺ፣ እሱም ይበቃል።

ደወሉ ሲደወል፣ እኩለ ሌሊት ሞልቶ፣
ጆሮዬን አቀናሁ። የሰማ ይሞታል፤ ይሁና! ማን ሊቀር ከቶ?
አንተ ግን አገሳህ፣ ጉበት ጉበት የሚል፤
አገጭህን ጉልበቴ ላይ ጣል፣
ዓይንህን ክድን።

አፍ የፈታሁት እኔ ነኝ። ዓመታት የዘጋሁትን
«ጉዚክ» አልኩህ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመው አንደበቴን?
የአዝራሩን፣ የኮቱን፣ የፈረቃውን ነገር፣
ያን ሶፋ ሳይቀር፣ ነገር በነገር።

ሌሎቹን በጣሳ ከደንኩ፤ ለነገ፣ ላንተ፣
አራተኛ ፎቅ ላለችው ቡችላም፣ ካልሰሰትክ አንተ።
አሁን ጾሙ ተፈቷል። ትሪው ላይ የቀረው
ያ ያረረው ኮከብ ነው፣ ጫፉ የጎበጠው።
ሰበርኩት፣ ቀመስኩት።

ጨው ያንሰዋል።