ከመቶ ሺህ፣ አንድ

ዊኒፔግ፣ የካቲት። መስኮቱ በረዶ ለብሷል፣
ወረፋውም አልቆ ተራው እኛ ጋ ደርሷል።
ነርሷ ማሪቴስ ሁለት ገጽ ወረቀት አቀበለችኝ፤
«አዲስ ነው ክትባቱ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው» አለችኝ።

ትኩሳት፣ ከአሥር ልጅ ሦስቱ ላይ። የክንድ እብጠት። ማልቀስ።
ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ከመቶ ሺህ፣ አንድ።»

እኔ ሌሊት ሌሊት ስንዴ የምመዝን ሴት ነኝ፣
ግራም ብትጎድል የምትቆረቁረኝ።
ይህን ግን በምን ልስፈረው?
መቶ ሺህ ልጅ የት አውቄ?
የማውቀው አንዷን ብቻ፣
የግራ ጫማዋን በቀኝ፣ የቀኟን በግራ የምታጠልቅ፣
ትርሲት።

ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ፣ ያ ሃርማን፣
ጥር ላይ ትንፋሹ እንደ በር ስንጥቅ ያፏጨው፣
አሥራ አንድ ቀን ቱቦ በአፍንጫው የተኛው፣
እሱስ ከስንት አንዱ ነው?

እናቴ፣ «ኩፍኝ ሳይወጣለት ልጅ አለኝ አይባልም»
ትል ነበር። አምስት ወልዳ፣ ሲጠይቋት፣ «አራት» ብላ ዝም።
በእሷ ዘመን የሚፈረም ወረቀት አልነበረም።

«ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?» አልኳት ማሪቴስን።
መርፌውን አስቀመጠች።
«አስወጋኋት። ግን አልተኛሁም፣
ትኩሳቷን ስለካ ነጋ።»
«ምንም አትሆንም» ብትለኝ ኖሮ
ልጄን አቅፌ እወጣ ነበር።

ፈረምኩ፤ ከስሜ መሀል አንድ ፊደል ዘለልኩ።
ትርሲት ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ
የድብ ሥዕል ካልተለጠፈልኝ አለች።

ዛሬ ሥራ አልገባሁም።
ቴርሞሜትሩ፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት።
መንጋቱ ገና ነው።