የሳህን ቂጥ

ሰው በአፉ ቢለይ፣ ሸክላ በቂጡ ነው፤
ፊቱን አላምንም እኔ፣ ገልብጬ ነው የማየው።

አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በሸምሱ መጋዘን፣
ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት ሲመዘን፣
ጠርሙሱ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ሲከመር፣
እኔን ይጠራኛል፣ የሸክላውን ዕድሜ እንድናገር።
አጉሊ መነጽሬ ተሰንጥቋል፣ ግን ያነባል፤
ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነ ማኅተም በጥፍር ይዳሰሳል፣
በቀለም የታተመው ከመስታወቱ ሥር ይተኛል።
«እንግሊዝ» ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ መቶን አልፏል፤
«በእንግሊዝ የተሠራ» ካለ፣ የልጅ ልጁ ይሆናል።
ዘውድ ያየ ሁሉ «የንጉሥ ዕቃ ነው» ይላል፤
እስቃለሁ።
ዘውድ ማንም ያትማል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ከራሴ ቤት ቁም ሳጥን፣
እናቴ ከሞተች ያልተነካ፣ አወጣሁ አንድ ሳህን።
ሰማያዊ ወንዝ አለው፣ ድልድይ፣ ሁለት ላም ከዛፍ ጥላ፣
ከጠርዙ የወተት ጥርስ የምታህል ስባሪ ጎድላ።

ገለበጥኩት።
ዘውድ። ከዘውዱ ሥር ቋጠሮ፣ ሦስት ዓይን ያለው ገመድ፤
የስታፎርድሽር እቶን፣ የዚያ ሁሉ ከሰል አመድ።
ከጎኑ አንዲት ጭረት፣ በብሩሽ ጫፍ የጣለቻት፣
ምናልባት አንዲት ሠራተኛ ደሞዟን የቆጠረችባት።

«ሸምሱ!» አልኩት በስልክ፣ «ቤቴ ሀብት ነበረ ለካ!»
ይህን እያልኩ አውራ ጣቴ ሸካራ ነጥብ ነካ።
አረንጓዴ።

የእኛ ቤት ሳህን ቀይ ነው።
እናቴ ለለቅሶ ስታውስ፣ «እንዳይቀያየር» እያለች
በጥፍር ቀለሟ ከሥሩ ነጥብ ታደርግ ነበረች።
አረንጓዴስ የማን ነበር?
የባሕር ማዶውን እቶን በሽታው የማውቅ ሰው፣
ከአጥሬ ማዶ ያለው ቀለም ጠፋኝ፣ ማን እንደ ቀባው።

የዕድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ጋሽ ደበሌ፣ ሳያይ ዳሰሰው፤
«የእትዬ ዝማም ነው» አለ፣ «ባላቸው ጋሪ ሲቀቡ የተረፈው።
ለአባትህ ለቅሶ መጥቶ፣
በዚያው ቀረ።»

ዛሬ ወሰድኩት። እትዬ ዝማም የሉም፤
ልጃቸው ትብለጥ ከፈተች።
ዘውዱን አሳየኋት፣ ቋጠሮውን፣ ዘመኑን፤
«እሺ፣ እሺ» አለች፣ የሰማችኝ አልመሰለኝም።
ሸምሱ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም።
ሳህኑን ገለበጠችና አረንጓዴዋን
በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት፤
የጣቷ ልክ ነበረች።

«ስድስት ነበሩ» አለችኝ።
«እማዬ አምስት ትቆጥርና
ትጀምር ነበር እንደገና።»