ድንግል ሲረክስ

ጠባሴ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ አጥሬ፣
ሚዛን ከሰቀልሁኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ዛሬ።
የደሴ መንገደኛ ጠጥቶ የጣለውን፣
ውርጭ ያደረበትን፣ ጎማ የዳጠውን፣
ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ የወንበር ስባሪ፣
በኪሎ እገዛለሁ፤ እኔ ነኝ አሻጋሪ።
ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲግል ውሃ ይጠጣል፤
ባዶው ሽቅብ ወጥቶ፣ ጣርማበርን አልፎ፣ እኔ ጋ ይመጣል።
ክዳን ለብቻው ነው፣ ዋጋው ይለያል፤
ስስ ፌስታሉን ግን፣ ነፋስ ይገዛዋል።

አምና እንዲህ አልነበረም።
አምና ዶላር ጠፍቶ፣ አዲሱ ጥሬ ዕቃ ወደብ ላይ ሲቀር፣
የዱከሙ ገዢ በሌሊት መኪና በሬ ላይ ያድር ነበር።
«ያለህን ስጠኝ» ይላል፣ «ከነጭቃው፣ ሳትለቅም፤
ሠላሳ አራት ብር!» እጁን ሲያርገበግብ አይደክምም።
ያኔ ነው ይርገዱ ለልጇ የክረምት ጫማ የገዛች፤
ያኔ ነው ከበሬሳ ዳር እስከ ብርድ ልብስ ፋብሪካው አጥር
አንዲት ሃይላንድ የጠፋች።
እኔም አርባ ይገባል ብዬ፣ ከጓሮ ከመርኩ ክምር፤
አሥራ አራት ኩንታል፣ በሃያ ስምንት ብር።
እዚያው አለ። ሚስቴ ልብስ ታሰጣበታለች።

ዘንድሮ ነዳጁ ከባሕር ማዶ ወረደ፤
መርከቡ ጭኖ መጣ፣ ዶላሩም መንገድ ለመደ።
ባለፈው ማለዳ፣ ውርጩ ከቆርቆሮው ሳይነሣ፣
ስልኬ ጮኸ፤ የዱከሙ ሰው ነው፤ ጠግቧል፣ ሰላምታም ረሳ፤
«ድንግል ረክሷል። ያንተ አሥራ ስምንት።
ከፈለግህ ጫን፤ ካልፈለግህ ተኛበት።»

ይርገዱ ሚዛኑ ሥር ናት፣ ሦስት ማዳበሪያ አውርዳ ከጀርባዋ፤
ስልኬ ድምፅ አይደብቅም፤ አማተበች፤ ወረደ ነጠላዋ።
«ድንግል ረክሷል አለ? ስሟን በከንቱ ያነሣው ማን ነው?
ኧረ ምላሱን ይሰብስብ፤ ዛሬ እኮ ሃያ አንድ ነው!»

ሣቅሁኝ። ከዚያ አፈርሁኝ።
«እሷን አይደለም» አልኋት፤ «ድንግል የሚሉት ፍሬ ነው፤
ሩዝ የሚመስል፣ ከነዳጅ የወጣ፣ አፍ ያልቀመሰው።
ረከሰ ማለትም ዋጋው ነው። እሱ ሲረክስ፣ ያንቺ ደግሞ
ይወርዳል። አሮጌ ማን ይገዛል፣ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ፈጭቶ፣ ደክሞ?»

ስድስቷ ብር የእኔ መሆኗን ታውቃለች።
ጣቷን ቆጠረች፦ አምና ሃያ ስምንት፣ ዛሬ አሥራ ሁለት።
ሂሳቡ አልጠፋትም፤ የጠፋባት ምክንያት።
«እንግዲህ» አለች ቆይታ፣ «ገባኝ የገበያው ነገር፤
ያላገለገለው ሲረክስ፣ ያገለገለው ሊከበር?
አይ፤ አብሮት ይወድቃል፤ ከሱም በታች።
እናቴ ሃያ ሰባት ዓመት አገልግላ በፋብሪካ፣
አዲስ ልጅ በርካሽ ተገኘች፤ እሷን በአንድ ጋቢ ሸኟት ለካ።»

ሚዛኑን ልሰቅል ስል፣ ማዳበሪያዎቿን መልሳ አሰረች።
«አልሸጥም» አለች። «ላስተኛው።
አይነቅዝ፣ አይሸት፤ እንደ ጤፍ አይጥ አይበላው።
ነዳጅ የሚወደደው መቼ ነው?»
እኔ ምን አውቃለሁ። የጓሮዬን ክምር ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤
መልሼ ዘጋሁ።

አሁን ሦስቱ አሥራ ሰባት ሆኗል። መስኮቷ አይታይም፤
ልጇ በሃይላንዱ መካከል ይተኛል፤ ሲገላበጥ ይንኮሻኮሻል፤ ጎረቤት አይተኛም።
እሷ ግን በየማለዳው፣ በሬ ላይ ትቆማለች፤
መንገደኛ ጸሎት እየመሰለው ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣
አንገቷን በቆርቆሮው አስግጋ ትጠይቀኛለች፦

«ድንግል እንዴት አደረች?»

«እንደ ረከሰች» እላለሁ።
ታማትብና ትሄዳለች።