ያወጣሁት አፈር

ሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ መውረድ ነበር፤
ከፔፃ ተራራ ሆድ፣ ከእርሳስ ጉድጓድ ሥር።
የማይጽፍ እርሳስ፣ ከባድ፣ ግራጫ ዘር።
በድጅኖ ፈልቅቄ፣ በጋሪ ስገፋ፣
ሳል ይዞኝ ስወጣ ፀሐይ ስትጠፋ፣
ስለ መብረር ማሰብ ማን ጊዜ ነበረው?
ያኔ ለኔ ዓይነት ሰው
ሰማይ ማለት የሊፍቱ በር ሲከፈት የሚታይ ቁራጭ ነው።

ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ሰው ተበታተነ።
ያወጣነው ውዳቂ፣ ድንጋይና አፈሩ፣ ኮረብታ ሆነ።
ሣር በቀለበት፤ ልጆች ሰፈሩበት፤
በአካፋ ጠፍጥፈው ጉብታ ሠሩበት፤
ከዚያ፣ በብስክሌት፣
ከላይ ተምዘግዝገው ዘለሉ፣ ዘለሉበት።

እኔም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣
በሁለት የታመመ ጉልበቴ፣
ብስክሌት ተውሼ ከእህቴ ልጅ ቤት
"አስተምሩኝ" ብዬ ቆምኩ ከነሱ ፊት።
ሳቁ።
ቲንካራ አልሳቀችም።
አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ጥርሷ በሽቦ የታሰረ፣
ክርኗ ላይ ቁስል ያረጀ፣ ቁስል የጀመረ፤
አያቷ ከኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የነበረ።
ጎማዬን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤
"ነፋሱ በዛ፤ ኮርቻውም ይውረድ" አለች።

"ፔዳሎቹ እኩል፣ እንደ ሚዛን ጣውላ፤
ተረከዝ ዝቅ ይበል፤ ጉልበትህ ይላላ።
ክርንህ ወደ ውጭ ይከፈት እንደ በር፤
ቂጥህ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እንዳያድር።
ፍጥነትህን ከላይ፣ ገና ሳትነሳ ለካ፤
ከጉብታው አፍ ላይ ፍሬን እንዳትነካ።
ኦዥቤይ፣ ዓይንህን! ጎማህን አትይ፤
ጎማ አይጠፋብህም፤ ማረፊያህን እይ።
ጉብታው ሥር ስትደርስ ወደ ምድር ተጫን፣
ሸክም ሊያነሳ ሲል ሰው እንደሚሆን።
ከዚያ ጉብታው ሲነሳ አብረኸው ተነሳ፤
በእግር ነው፣ በእጅ አይደለም፤ ይህን እንዳትረሳ።"

ረሳሁ።
እጄ የለመደው መጎተት ነው፤ ጋሪ፣ ሰንሰለት፣ ድንጋይ፤
መሪውን ጎትቼ ተነሳሁ ወደ ሰማይ።
የፊቱ ጎማ ወጣ፣ የኋላው ቀረ፤ እኔ ከሁለቱም ተለይቼ
ጎኔን ለአፈሩ ሰጠሁት፣ እንደ ጆንያ ተዘርግቼ።
አፌ ውስጥ ገባ። ጣዕሙን አወቅኩት፤
ያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የዋጥኩት።

ሁለተኛው ላይ ፈራሁ፤ ጫፉ ላይ ፍሬን ያዝኩ፤
ዛፍ እንደ ወጣ ድመት፣ እዚያው ቆሜ መውረጃ ፈለግኩ።
ሦስተኛውና አራተኛው ይቅሩ፣ አልናገር።
ማታ ኔዣ ወገቤን በቅባት ስታሽ ነበር፤
"ምን ጎደለህ?" አለችኝ።
ምን ልበላት? ግማሽ ዕድሜዬን ከምድር በታች ኖርኩ፤
አንድ ጊዜ እንኳ ከምድር በላይ ልሁን አልኩ?
"ጉልበት" አልኳት። ሳቀች፤ ማሸቷን ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ከዝናብ በኋላ፣ አፈሩ ሲረጋ፣
ጭጋጉ ከጥዶቹ ሥር ገና ሳይላጋ፣
ከመነሻው ቆሜ ፍሬኑን ለቀቅኩት።
ጉብታው ሥር ተጫንኩ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰማሁት፤
ሲነሳ አብሬው ተነሳሁ፤ መሪውን አልጎተትኩት።
መጣ። ራሱ መጣ፣ እንደ ለማዳ ውሻ፣ ወደ እጄ።

ከዚያ ዝም።
የጠጠሩ ድምፅ ዝም፤ የጎማው፣ የሰንሰለቱ፤
ከታች ያ ሁሉ ዋሻ፣ ያ ሁሉ ሌሊቱ።
ያወጣሁት አፈር
በተራው እኔን አወጣኝ።
ቁመቱ? ስንዝር። እሺ፣ ከስንዝር ጎደል ይላል፤
ስንዝር ግን ለማያውቀው ነው የሚያንስ፤ ለኔ ይበቃል።
አፍንጫውን ገፋሁት ወደ ቁልቁለቱ፤
ክርን እጥፍ፣ ጉልበት እጥፍ፤ ጧ! ጎማዎቹ ሁለቱ።

"አየሽ?" ብዬ ጮህኩ፤ "ቲንካራ፣ አየሽኝ?"
ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስር ነበር።
ቀና አለች፤ ሽቦው ብልጭ አለ።
"አላየሁም። ድገም።"

እንደ ድሮው ጋሪ ሽቅብ ገፋሁት፤ አልከበደኝም።