ሐረጎን ያየው

እብሬ ደሴ ፒያሳ ከመድን ቤት ገብቶ፣
ካሜራውን ከነሽቦው ከመስታወት ፈቶ፦
«አረቦን ቀንሱልኝ፤ ዓመት ሙሉ ይኸው፣
ሐረጎን ስወርድ ሁሉን ነገር ያየው፤
ጉሙን፣ ግመሎቹን፣ መብራት አልባ ሲኖ
ሲመጣብኝ ማታ በኔ መስመር ሆኖ።»

ዘምዘም ከመስኮቱ ካርዱን ተቀበለች፣
«ዓይን ፍሬን አይዝም፤ ግን እንየው» አለች።

ያ የኅዳር ሌሊት ትዝ አለው በድንገት፣
ሽንኩርት እንደጫነ ሸለብ ያረገበት፤
እሱም በሰው መስመር፣ የአንዲት ባጃጅ መብራት
ፊቱ ላይ ቦግ ብሎ፣ ለጥቂት ሲስታት።
ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አላወቀም፤
ካርዱ ግን አይረሳም፣ ሽምግልና አያውቅም።

«አምጪው እስኪ ዘምዘም፤ ሌላ ጊዜ ይሁን።»
ቆጥሮ አስረከበ አረቦኑን ሙሉውን።

መልሶ ሰካና ያንን ጠባብ ዓይን፣
በሁለተኛ ማርሽ ወረደ ሐረጎን።